የገበሬው ስጋት ወይስ የመለኪያው? የስጋት ዝንባሌን በጥናት ስለ መለካት

በግብርና ኢኮኖሚክስና በልማት ጥናት ዘርፍ ከሚዘጋጁ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች መካከል ማዳበሪያን፣ ምርጥ ዘርን፣ ብድርን ወይም የሰብል መድንን የሚመለከቱት «ስጋትን የመሸሽ ዝንባሌ» የሚል ተለዋዋጭ ማካተታቸው የተለመደ ነው። ተለዋዋጩ በውጤት ሠንጠረዡ ውስጥ የሚይዘው አንድ መስመር ብቻ ነው። ከዚያ መስመር የሚነሣው ድምዳሜ ግን ቀላል አይደለም፤ ገበሬው አዲሱን ቴክኖሎጂ ያልተቀበለው ስጋት ስለሚፈራ ነው ይላል። ድምዳሜው ወደ ምክረ ሐሳብ ሲሸጋገር ደግሞ የአመለካከት ለውጥ እንዲመጣና የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና እንዲሰጥ ይጠይቃል። በዚህ መንገድ የአንድ አጭር ጨዋታ ውጤት የአንድ ማኅበረሰብ የጠባይ መግለጫ ይሆናል፤ የጠባይ መግለጫውም በተራው ገንዘብና ጉልበት የት እንደሚውል ይወስናል።

ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ይህ ድምዳሜ የቆመበት መለኪያ ምን ያህል ይታመናል የሚለው ነው። በመስክ የሚገኘው የስጋት ቁጥር ሦስት ነገሮችን በአንድነት ይይዛል፤ የሰውየውን ዝንባሌ፣ የመለኪያውን ባሕርይ እና ሰውየው የሚኖርበትን ሁኔታ። ሦስቱን ሳይለዩ ቁጥሩን በሙሉ ለመጀመሪያው መስጠት የዘዴ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ በተጠኚው ላይ የሚፈጸም የፍርድ ስህተትም ነው።

የማይታየውን መገመት

ሰዎች ስጋትን እንዴት እንደሚመዝኑ የሚያስረዳው ንድፈ ሐሳብ ረጅም ዕድሜ አለው። ዳንኤል በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው ጽሑፍ ሰዎች አንድን ዕጣ የሚመዝኑት በሚያስገኘው አማካይ ገንዘብ ሳይሆን ገንዘቡ በሚሰጣቸው ጠቀሜታ እንደሆነ፣ ሀብት በጨመረ ቁጥርም የተጨማሪው ብር ጠቀሜታ እየቀነሰ እንደሚሄድ አስረዳ። ጆን ፎን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንስተርን እ.ኤ.አ. በ1944 ሐሳቡን በጥብቅ የሒሳብ መሠረት ላይ አቆሙት። በ1960ዎቹ ደግሞ ጆን ፕራትና ኬኔት አሮው የጠቀሜታው መስመር ምን ያህል እንደሚጎብጥ የሚለካ ቀመር ሰጡ። ዛሬ በጥናቶች ውስጥ የሚታየው የስጋት መሸሽ መጠን ከእነዚህ ሥራዎች የተወረሰ ነው።

ይሁን እንጂ የጠቀሜታ መስመር በዓይን አይታይም። ተመራማሪው የሚያየው ምርጫን ብቻ ነው፤ ከምርጫው ወደ ኋላ ተመልሶ ዝንባሌውን ይገምታል። ለዚህም ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሰዎች በኑሯቸው የሚያደርጉትን ምርጫ፣ ለምሳሌ የሚዘሩትን ሰብል ወይም የሚገዙትን መድን፣ መመልከት ነው። ሁለተኛው እውነተኛ ገንዘብ የሚያስገኙ ዕጣዎችን አቅርቦ ማስመረጥ ነው። ሦስተኛው ሰውየውን ራሱን በቀጥታ መጠየቅ ነው። የመጀመሪያው ከኑሮ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ዝንባሌን ከአቅም ለመለየት ያስቸግራል። ሦስተኛው ርካሽና ፈጣን ቢሆንም የሚሰጠው ቃልን እንጂ ተግባርን አይደለም። ሁለተኛው፣ ማለትም የሙከራ ዘዴው፣ በመስክ ጥናት ተመራጭ የሆነው የሁለቱን ጉድለት ያስወግዳል ተብሎ ስለታመነ ነው። ይህ እምነት ግን መመርመር ይገባዋል።

የተወረሰው መሣሪያና የተረሳው ድምዳሜ

የሙከራ ዘዴውን ወደ ገጠር ካወጡት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ ሃንስ ቢንስዋንገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በታተመው ጥናቱ በሕንድ ከፊል ደረቅ አካባቢዎች ለሚኖሩ ገበሬዎች በሳንቲም ውርወራ የሚወሰኑ ዕጣዎችን አቀረበ። በአንደኛው የጨዋታው ደረጃ ገበሬው ሳንቲሙ በየትኛውም ገጽ ቢያርፍ 50 ሩፒ የሚያገኝበትን አማራጭ መውሰድ ይችላል፤ ወይም በአንደኛው ገጽ ባዶ እጁን የሚቀርበትን፣ በሌላው 200 ሩፒ የሚያገኝበትን መምረጥ ይችላል። በሁለቱ መካከልም ስጋታቸውና አማካይ ገቢያቸው አብሮ እየጨመረ የሚሄድ አማራጮች ተደርድረዋል። ክፍያው እውነተኛ ነበር፤ መጠኑም ለድሃ የገጠር ቤተሰብ የሚናቅ አልነበረም።

ከጥናቱ ሦስት ግኝቶች ወጡ። ገንዘቡ ጥቂት በሆነበት ጊዜ የገበሬዎቹ ምርጫ የተበታተነ ነበር፤ ገንዘቡ ከፍ ሲል ግን አብዛኞቹ ወደ መካከለኛ የስጋት መሸሽ ደረጃ ተሰበሰቡ። የሀብት ልዩነት በምርጫው ላይ ጎልቶ የወጣ ተጽዕኖ አላሳየም። በቃለ መጠይቅ ብቻ የተገኘው ልኬት ደግሞ በእውነተኛ ገንዘብ ከተገኘው ጋር አልተስማማም። ቢንስዋንገር ከእነዚህ ተነሥቶ የደረሰበት ድምዳሜ ዛሬም ትኩረት የሚሻ ነው፤ በገበሬዎች መካከል የሚታየው የኢንቨስትመንት ልዩነት በዋናነት የሚመነጨው ከዝንባሌ ልዩነት ሳይሆን ብድር፣ ገበያና የኤክስቴንሽን አገልግሎት ከማግኘትና ካለማግኘት ነው አለ።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያው በብዙ አገሮች ተባዝቷል። ድምዳሜው ግን ብዙ ጊዜ ከመሣሪያው ጋር አብሮ አልተጓዘም። ከእርሱ ጨዋታ የተወለዱ ሠንጠረዦችን የሚጠቀሙ ጥናቶች ራሳቸው፣ እርሱ የዝንባሌ ልዩነት አይደለም ያለውን መልሰው የዝንባሌ ልዩነት ሲያደርጉት ይታያሉ።

አንድ ደጋ፣ ሁለት መልስ

የመለኪያው ጉዳይ ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የሩቅ ክርክር አይደለም። ማህሙድ የሱፍና ራንዳል ብለፍስቶን እ.ኤ.አ. በ2009 በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በሚኖሩ ገበሬዎች ላይ ያደረጉትን የሙከራ ጥናት አሳተሙ። የቢንስዋንገርን መንገድ ተከትለው ትርፍን ብቻ ሳይሆን ኪሳራንም የያዙ ዕጣዎች አቀረቡ። ያገኙት ውጤት ከፍተኛ የስጋት መሸሽ ዝንባሌ ነበር፤ ገንዘቡ ሲጨምርና የመክሰር ዕድል ሲገባበት ደግሞ ሽሽቱ ይበልጥ ይጠነክራል።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ፈርዲናንድ ቪደርና ባልደረቦቹ እዚያው በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከ500 በላይ የቤተሰብ ኃላፊዎችን የያዘ ጥናት አወጡ። ከተመራማሪዎቹ አንዱ በመጀመሪያው ጥናት የተሳተፈው ብለፍስቶን ነበር። የዚህኛው ዘዴ ሰውየው አንድን ዕጣ ለመተው በእርግጠኝነት ምን ያህል ገንዘብ መቀበል እንደሚፈልግ መለየት ነው። ውጤቱ ከመጀመሪያው ጋር አልተስማማም፤ ተጠኚዎቹ ስጋትን በከፍተኛ ደረጃ የሚታገሡ ሆነው ተገኙ። ከዚያም በላይ በገቢ ከፍ ያሉት ይበልጥ ስጋትን የሚታገሡ መሆናቸው ታየ።

ታዲያ የደጋው ገበሬ ስጋትን ይሸሻል ወይስ ይታገሣል? ሁለቱ ጥናቶች በመሣሪያ ብቻ ሳይሆን በጊዜና በናሙናም ይለያያሉ፤ ስለዚህ ልዩነቱን በሙሉ በመሣሪያው ላይ መጫን ተገቢ አይሆንም። አንዱን ትክክል፣ ሌላውን ስህተት ማለትም ችኮላ ይሆናል። ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያነበበ የፖሊሲ አማካሪ ስለ አንድ ዓይነት ሕዝብ ተቃራኒ ምክር ይዞ ይነሣል።

እንዲህ ያለው አለመጣጣም በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። በስዊዘርላንድና በጀርመን 1,507 ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሰፊ ጥናት ለአንድ ዓይነት ሰዎች ብዙ የስጋት መለኪያዎችን አቀረበ። በገንዘብ ጨዋታዎች የተገኙት ልኬቶች እርስ በርሳቸው የነበራቸው ዝምድና ደካማ ነበር፤ በአንዱ ጨዋታ ደፋር የተባለ ሰው በሌላው ፈሪ ሊባል ይችላል። ሰዎች ስለ ራሳቸው የሰጧቸው መልሶች ግን በመካከላቸው የተሻለ ስምምነት አሳዩ። ተሳታፊዎቹ ቁጥርና ሠንጠረዥ የለመዱ በሆኑበት አገር ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ በሌላ ቦታ በአንድ ጨዋታ ላይ የሚጣለው እምነት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያሻው መገመት አያዳግትም።

ዐሥሩ መስመሮች

በጥናቶች ውስጥ በብዛት የሚገለበጠው መሣሪያ ቻርልስ ሆልትና ሱዛን ላውሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቀረቡት ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ዐሥር መስመሮች አሉት፤ በእያንዳንዱ መስመር ተጠኚው ከሁለት ዕጣዎች አንዱን ይመርጣል። የመጀመሪያው ዕጣ 2 ዶላር ወይም 1.60 ዶላር ያስገኛል። ሁለተኛው 3.85 ዶላር ወይም 10 ሳንቲም ያስገኛል። የከፍተኛው ክፍያ ዕድል በመጀመሪያው መስመር ከዐሥር አንድ ሲሆን፣ በየመስመሩ እየጨመረ በዐሥረኛው እርግጠኛ ይሆናል። ለስጋት ደንታ የሌለው ሰው አራት ጊዜ የመጀመሪያውን መርጦ በአምስተኛው መስመር ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ዘግይቶ የሚሻገር ስጋትን ይሸሻል፤ ቀድሞ የሚሻገር ስጋትን ይፈልጋል።

ሠንጠረዡ ለንድፈ ሐሳብ የሚመች ነው። ሆልትና ላውሪ ራሳቸው በዚህ መሣሪያ ትልቅ ቁም ነገር አሳይተዋል፤ ክፍያው በግምት ብቻ ሃያ፣ ሃምሳና ዘጠና እጥፍ ሲደረግ የሰዎች ምርጫ ብዙም አልተለወጠም፤ ገንዘቡ በእርግጥ ሲከፈል ግን ስጋት መሸሽ በግልጽ ጨመረ። ይህ ግን ሠንጠረዡን የተረዳ ተሳታፊን የሚጠይቅ ውጤት ነው። ዐሥረኛው መስመር በእርግጠኝነት 2 ዶላር ወይም በእርግጠኝነት 3.85 ዶላር የሚያስመርጥ ነው፤ በዚህ ላይ አነስተኛውን የመረጠ ሰው ስለ ስጋት የተናገረው ነገር የለም፤ ጥያቄው አልገባውም ማለት ነው። በሁለቱ ዕጣዎች መካከል ወዲያና ወዲህ የሚመላለስም እንዲሁ ነው።

ጋሪ ቻርነስና አንጀሊኖ ቪሴይዛ በሴኔጋል ገጠር ሦስት መለኪያዎችን አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት የሆልትና የላውሪን ሠንጠረዥ የተረዱት ተጠኚዎች እጅግ ጥቂት መሆናቸውን አስታወቁ። ከስጋት ጋር ስላላቸው ፈቃደኝነት በቀጥታ የተጠየቁትም የሰጡት መልስ ለእውነት የቀረበ አልመሰለም። የተሻለ ትርጉም ያለው ውጤት የተገኘው ዩሪ ግኒዚና ያን ፖተርስ እ.ኤ.አ. በ1997 ካስተዋወቁት ቀላል ጨዋታ ነበር። በዚህ ጨዋታ በተለመደው አንድ መልኩ ሰውየው ለምሳሌ 100 ብር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ውስጥ የፈለገውን ያህል በሳንቲም ዕጣ ላይ ያውላል። ሳንቲሙ ከቀናለት ያዋለው ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆንለታል፤ ካልቀናው ያዋለው ይቀርበታል። 40 ብር ያዋለ ሰው ቢቀናው 160 ብር፣ ባይቀናው 60 ብር ይዞ ይሄዳል። ጥያቄው አንድ ነው፤ መልሱም አንድ ቁጥር ነው።

ቀላሉ መሣሪያም እንከን አለው፤ ለስጋት ደንታ የሌለውና ስጋትን የሚፈልገው ሁለቱም ገንዘባቸውን በሙሉ ስለሚያውሉ አይለያቸውም። በካናዳ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት ካትሪን ኤከልና ባልደረቦቿ ውስብስቡን ሠንጠረዥ ከቀላል ጨዋታ ጋር አነጻጽረው ሚዛናዊ ፍርድ ሰጥተዋል። ውስብስቡ በአጠቃላይ የተሻለ የመተንበይ ብቃት አለው፤ የሒሳብ ችሎታቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች ግን ቀላሉ ስህተትን ስለሚቀንስ ይመረጣል።

ስህተቱ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል የሚበተን ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ውስን በሆነ ነበር። ኦላ አንደርሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳዩት ግን እንዲህ እንዳልሆነ ነው። በግምት የሚመርጥ ሰው ወደ ሠንጠረዡ መካከል ይሳባል፤ የሠንጠረዡ መካከል ስጋት መሸሽን የሚያመለክት ሆኖ ከተሠራ ያልገባው ሰው ፈሪ ይመስላል፤ በተቃራኒው ከተሠራ ደፋር ይመስላል። እንግዲህ በትምህርት ዝቅ ያለው ገበሬ ስጋትን ይሸሻል የሚል ግኝት፣ ገበሬው ሠንጠረዡ አልገባውም ከሚለው ግኝት ጋር በቀላሉ ሊምታታ ይችላል። የመጀመሪያው ገበሬውን ይወቅሳል፤ ሁለተኛው ተመራማሪውን።

የቃል ጉዳይ

በአማርኛ የሚካሄድ ጥናት ከዚህ በላይ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለበት። ቶማስ ዶመንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ወደ 22,000 በሚጠጉ የጀርመን ነዋሪዎች ላይ አንድ ቀላል ጥያቄ ፈትሸው ነበር፤ ሰውየው በአጠቃላይ ስጋትን ለመጋፈጥ ያለውን ፈቃደኝነት ከ0 እስከ 10 እንዲመዝን ይጠይቃል። ጥያቄው የሚታመን መሆኑን ለማረጋገጥ 450 ሰዎችን በእውነተኛ ገንዘብ ፈተኑ፤ መልሱና ምርጫውም ተዛመደ። ይህ ማረጋገጫ ግን ለጀርመንኛው ጥያቄ የተሰጠ ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ ማረጋገጫው አብሮ አይተረጎምም።

«ስጋት» በዕለት ተዕለት አማርኛ የልብ ጭንቀት ነው፤ «ስጋት አለኝ» የሚል ሰው ፍርሃቱን እንጂ የሚያሰላውን ዕጣ አይገልጽም። «አደጋ» የደረሰ ወይም ሊደርስ ያለ ጉዳት ነው። «ድፍረት» ሲመሰገን ጀግንነት፣ ሲወቀስ ነውር ነው፤ ራሱን ደፋር ብሎ የሚመዝን ሽማግሌ ስለ ገንዘብ ምርጫው ሳይሆን ስለ ምግባሩ የተጠየቀ ሊመስለው ይችላል። «ጎመን በጤና» እያለ ያደገ ሰው ዝቅተኛ ቁጥር ቢሰጥ ዝንባሌውን ገለጸ ወይስ ማኅበረሰቡ ብልህነት የሚለውን መለሰ? ሁለቱን ለመለየት ጥያቄው ብቻውን አይበቃም።

ጨዋታዎቹም ከቃል አያመልጡም። «ዕድል» በስታቲስቲክስ መማሪያ የመከሰት መጠን ነው፤ በብዙ አማኝ ዘንድ ግን ከፈጣሪ የተመደበ ድርሻ ነው። «ዕጣ» የሚለው ቃል በዕቁብ የሚታወቅ ነው፤ በዕቁብ ደግሞ ዕጣ የሚወስነው ገንዘቡ መቼ እንደሚደርስ እንጂ መድረስ አለመድረሱን አይደለም። ያልወጣለት ሰው ተራውን ይጠብቃል። ዕጣን በዚህ መንገድ የሚያውቅ ተጠኚ የጨዋታውን «ካልወጣ ይቀራል» የሚል ሕግ እንዴት እንደሚረዳው አስቀድሞ መፈተሽ ያስፈልጋል። በገንዘብ ዕጣ መጫወት ለብዙ ክርስቲያንና ሙስሊም ምእመናን ቁማር መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በሃይማኖቱ ምክንያት እርግጠኛውን ገንዘብ የመረጠ ሰው በሠንጠረዡ ውስጥ ስጋትን እጅግ የሚሸሽ ተብሎ ይመዘገባል። ያው ሰው ዝናቡ መጣም ቀረም በማያውቅበት መሬት ላይ በየዓመቱ ዘሩን የሚበትን ነው።

ጠባይና ሁኔታ

መለኪያው ቢሟላና ቃሉ ቢጠራ እንኳ ሦስተኛው ጉዳይ ይቀራል። በጨዋታ የተገለጸው ጥንቃቄ የሰውየው ጠባይ ነው ወይስ ያለበት ሁኔታ? ስቴፋን ደርኮንና ሉክ ክርስቲያንሰን እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያ የገጠር ቤተሰቦች ተከታታይ መረጃ ላይ ተመሥርተው ማዳበሪያ አጠቃቀምን መረመሩ። የቀድሞ ዓመታትን የዝናብ መረጃ በመጠቀም አዝመራው ቢከሽፍ ቤተሰቡ የሚወድቅበትን የኑሮ ደረጃ ገመቱ። ያገኙት የብድር እጦት ብቻ ሳይሆን ምርት ሲከሽፍ የሚመጣው የኑሮ ውድቀትም ገበሬዎችን ከማዳበሪያ እንደሚያርቅ ነው። እዚህ ላይ ገበሬው የሚሸሸው ስጋትን በጥቅሉ አይደለም፤ ልጆቹ የሚራቡበትን ዓመት ነው። አንድ ዓይነት ዝንባሌ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንዱ የሚሸጠው በሬ ስላለው፣ ሌላው ስለሌለው ብቻ የተለያየ ውሳኔ ይወስናሉ።

የመድን ጥናቶችም ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ። በንድፈ ሐሳቡ ስጋትን የሚሸሽ ሰው መድን መግዛት አለበት። ዣቪየር ዢኔ፣ ሮበርት ታውንሰንድና ጄምስ ቪከሪ ግን በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ የዝናብ መድንን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ውጤት ስጋትን ይበልጥ የሚሸሹት መድኑን የመግዛት ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳየ። በዝናብ ጣቢያ ልኬት ላይ የተመሠረተ መድን የገበሬው ማሳ ደርቆ እያለ ላይከፍል ይችላል፤ ያን ጊዜ ገበሬው አዝመራውንም የመድን ክፍያውንም ያጣል። ዳንኤል ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመው የንድፈ ሐሳብ ጥናት እንዳስረዳው፣ ይህን ክፍተት ያወቀ ጠንቃቃ ሰው እንዲህ ያለውን መድን ጥቂት ብቻ ቢገዛ ምክንያታዊ ነው። በተጨማሪም ዳንኤል ኤልስበርግ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳመለከተው ሰዎች መጠኑ የታወቀን ዕድልና መጠኑ ያልታወቀን ዕድል በአንድ ዓይን አያዩም። ሳንቲም የታወቀ ዕድል አለው፤ ከሌላ አካባቢ የመጣ ዘር ግን የለውም። የመጀመሪያውን የለካ መሣሪያ ስለ ሁለተኛው በቂ ምስክር አይሆንም።

ከትንሽ ገንዘብ ወደ ትልቅ ውሳኔ መሻገርም እንዲሁ አደገኛ ነው። ማቲው ራቢን እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረበው ስሌት ይህን በግልጽ ያሳያል። አንድ ሰው ሀብቱ ምንም ያህል ቢሆን 100 ዶላር የሚያከስርን ወይም 110 ዶላር የሚያተርፍን የሳንቲም ዕጣ እንቢ የሚል ከሆነ፣ በተለመደው ንድፈ ሐሳብ መሠረት 1,000 ዶላር የሚያከስርን ዕጣ በሌላው ገጽ የፈለገው ያህል ትርፍ ቢኖርበትም እንቢ ማለት አለበት። እንዲህ ያለ ሰው ስለሌለ በአነስተኛ ጨዋታ የተገኘን ቁጥር ወደ መሬት፣ ወደ በሬና ወደ ብድር ውሳኔ እንዳለ ማሸጋገር አይቻልም።

ከተቃውሞው በኋላ

ለዚህ ሁሉ ሦስት ምክንያታዊ መልሶች ሊሰጡ ይችላሉ። አንደኛው፣ መለኪያው እንከን ቢኖርበትም ከምንም ይሻላል የሚል ነው። በእርግጥም በጥንቃቄ የተሠራ ልኬት ፍሬ አለው፤ ኢሌን ሊዩ በቻይና የጥጥ ገበሬዎች ላይ ባደረገችውና እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ጥናት ስጋትንና ኪሳራን ይበልጥ የሚሸሹት ተባይን የሚቋቋመውን የጥጥ ዘር ዘግይተው እንደተቀበሉ አሳይታለች። ይህ ግን የሚያስረዳው ልኬቱ ሲጠነቀቁለት እንደሚናገር እንጂ ያለ ጥንቃቄ እንደሚታመን አይደለም። ሁለተኛው፣ የሆልትና የላውሪን ሠንጠረዥ መጠቀም ከዓለም አቀፍ ጥናቶች ጋር ለማነጻጸር ያመቻል የሚል ነው። ተጠኚው ያልተረዳው ሠንጠረዥ ግን ከሌላ አገር ሠንጠረዥ ጋር የሚመሳሰለው በቅርጹ ብቻ ነው። ሦስተኛው የገንዘብና የጊዜ እጥረት ነው፤ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ለእውነተኛ ክፍያ የሚሆን በጀት የለውም። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። መፍትሔው ግን በአነስተኛ ወጪ ቀላል ጨዋታ መምረጥ፣ ካልተቻለም የድምዳሜውን ወሰን ማጥበብ ነው።

ከዚህ በመነሣት ጥቂት ልማዶች ቢጸኑ ጥናቶቹ ይጠናከራሉ። የመጀመሪያው መሣሪያውን ለተጠኚው ችሎታ መምረጥና መረዳቱን በልምምድ ዕጣዎች መፈተሽ ነው፤ ስንቱ እንዳልተረዳ፣ ስንቱ በሠንጠረዡ ላይ እንደተመላለሰ በግልጽ መጻፍም የዚሁ አካል ነው። የማይጣጣሙ መልሶችን ዝም ብሎ ከናሙና ማውጣት ችግሩን ይሸፍናል እንጂ አይፈታም። ሁለተኛው ቢያንስ ሁለት መለኪያዎችን በአንድ ላይ መጠቀም ነው። ቤን ጊለን፣ ኤሪክ ስኖውበርግና ሊት ያሪቭ እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳሳዩት የአንድን ነገር ሁለት ልኬቶች መውሰድ የልኬት ስህተትን በስታቲስቲክስ ለማረም መንገድ ይከፍታል፤ አንድ ልኬት ብቻ ያለው ጥናት ይህ ዕድል የለውም። ሦስተኛው የጥያቄውን አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ ወይም ሌላ የአካባቢ ቋንቋ ትርጉም ከመስክ ሥራ በፊት መፈተሽና ሙሉ ቃሉን በጥናቱ አባሪ ማስቀመጥ ነው፤ አንባቢ ተጠኚው የሰማውን ሳያይ የመለሰውን መመዘን አይችልም። አራተኛው ከዝንባሌው ጎን ሁኔታውን መለካት ነው፤ የሚሸጥ ከብት፣ የሚደርስ ብድር፣ የሚረዳ ዘመድና ያለፉት ዓመታት የአዝመራ ጉዳት በሞዴሉ ውስጥ ከሌሉ የእነርሱ ድርሻ በሙሉ በገበሬው ጠባይ ስም ይመዘገባል።

አማካሪ መምህራንና ገምጋሚዎችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ተለዋዋጩ ስታቲስቲካዊ ትርጉም ያለው መሆን አለመሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ቁጥሩ እንዴት ተገኘ፣ ተጠኚው ምን ተባለ፣ ስንቱስ ተረዳ የሚለው ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ጥናት ስለ ገበሬው ስጋት የሚለው ነገር ሊኖረው ይችላል፤ ገበሬው እንዲለወጥ ለመምከር የሚያበቃ ማስረጃ ግን ገና በእጁ አልገባም።